ቆጮን ያኮመጠጠች ኦክስጅን

በጋሞ ዞን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ከፍታው ሌላ አገር የገቡ ያስመስላል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሙዝና ማንጎ ታበቅላለች፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ገብስ፣ ድንች፣ አፕልና እንሰት። በመካከሉ፣ ጉሙ ከሚጀምርበት ላይ፣ ዶርዜ አለ። ጎብኚ ዶርዜን የሚያውቀው በሽማኔዎቹና ከቀርከሃ በሚሠሩት ረጃጅም ቤቶቹ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ነው።

በጓሮው እንሰት ይፋቃል። ሥራው የሴቶች ነው። አንዲት እናት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለውን ወፍራም ልጣጭ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ የላይኛውን ጫፍ በእግሯ አጥብቃ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ውኃ ያዘለው ነጭ ሥጋ ከሥር በተነጠፈው ኮባ ላይ ይወርዳል፤ ቃጫው ሳንቃው ላይ ይቀራል። ከመሬት በታች ያለው አሚቾ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይደባለቃል። ተጨምቆ ከሚወጣው ውኃ ሥር የሚጠልለው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የቀረው ሊጥ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበታል። ሞቃት ቦታ ቢሆን በሳምንታት ይደርሳል፤ በጨንቻ ብርድ ወራት ይፈጃል። በየጊዜው ተከፍቶ ይገላበጣል። መድረሱ የሚታወቀው እጅ ላይ ባለው ልስላሴ፣ በቀለሙና በሽታው ነው።

ጉድጓድ ሲገባ ጣዕም ያልነበረው ሊጥ ቆጮ ሆኖ ሲወጣ ምላስ ይቆነጥጣል። በዚህ መሀል የሆነውን ነገር በዝርዝር ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ብርሃኑ ጋሼ ናቸው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊዩኮኖስቶክ የተባሉ ባክቴሪያዎችና ዘመዶቻቸው ሥራውን ይጀምራሉ፤ ኮምጣጣነቱ ሲበረታባቸው ቦታውን ላክቶባሲለስ ለተባሉት ይለቃሉ። የአሲዳማነት መለኪያ የሆነው የሊጡ ፒኤች በዚህ ሂደት ከ6.5 ተነስቶ ወደ 4.2 ይወርዳል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዳማነቱ በአሥር እጥፍ ስለሚጨምር፣ ይህ ለውጥ 200 እጥፍ ማለት ነው። የምግብ መርዝ የሚያመርተው ክሎስትሪድየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ከፒኤች 4.6 በታች አያድግም። ቆጮ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየው ከዚህ መስመር በታች ስለሚወርድ ነው። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት ላይ እንደሚኖር ሲታሰብ፣ ይህች የ4.2 ቁጥር ክብደቷ ቀላል አይደለም።

ቁጥሯን እዚያ የሚያደርሳት በዋነኛነት ላክቲክ አሲድ ነው። ካርል ዊልሄልም ሼለ የተባለው በስዊድን የኖረ ፋርማሲስት በ1780 (እ.ኤ.አ.) ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው፣ በእርጎአችንም ያለው ያው አሲድ ነው። ላክቲክ አሲድ ሦስት ካርቦን ብቻ ያላት ትንሽ ሞለኪውል ናት። ሆኖም ሦስት ካርቦን ያላቸው ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል አይኮመጥጡም፤ ልዩነታቸው ያለው አተሞቹ በተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው።

አረቄና አቸቶ

ዶርዜ ለእንግዳ ቆጮ ሲቀርብ ዳጣና ማር ይከተለዋል፤ አረቄም አይጠፋም። ከአረቄው እንጀምር። አረቄን አረቄ ያደረገው ኢታኖል ሁለት ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ በኦክስጅኑም ጫፍ አንድ ሃይድሮጅን አለው። አቸቶን አቸቶ ያደረገው አሴቲክ አሲድም ሁለት ካርቦን አለው፤ በጫፉም ልክ እንደ ኢታኖል ኦክስጅን ላይ የተንጠለጠለ ሃይድሮጅን አለ። አሲድ ማለት ይህን ሃይድሮጅን ያለ ኤሌክትሮኑ፣ ማለትም ፕሮቶን አድርጎ የሚለቅ ነገር ነው። ይህን ትርጉም በ1923 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ሎውሪ ለየብቻቸው አቅርበውታል።

የመልቀቅ ዝንባሌው በኬሚስትሪ ፒኬኤ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል፤ እንደ ፒኤች ሁሉ የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። የኢታኖል ፒኬኤ 16 ገደማ ነው። የአሴቲክ አሲድ 4.76። ሁለቱም ሃይድሮጅናቸውን የያዙት በኦክስጅን ነው፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ከ100 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበረታል።

ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው አቸቶው ላይ ያለው ሁለተኛ ኦክስጅን ነው፤ ከዚያው ካርቦን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘው። ሃይድሮጅኑ ፕሮቶን ሆኖ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹን ጥሎ ይሄዳልና፣ የቀረው ሞለኪውል ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። በኢታኖል ላይ ያ ቻርጅ በአንድ ኦክስጅን ላይ ተከማችቶ ይቀራል። ሞለኪውሉ ይህን አይችለውም፤ ፕሮቶኑን ወዲያው መልሶ ይይዛል። በአሴቲክ አሲድ ላይ ግን ቻርጁ በሁለቱ ኦክስጅኖች ላይ እኩል ይሰራጫል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሳው ያልቻለውን ግንድ ሁለት ሰው በትከሻ ይዞት እንደሚሄድ። ሳይንሱ ይህን ሬዞናንስ ይለዋል። የተለካ ነገርም ነው፦ በአሴቴት አዮን ውስጥ ሁለቱ የካርቦንና የኦክስጅን ትስስሮች ርዝመታቸው እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱ ነጠላ ሌላው ድርብ ቢሆን ኖሮ ሊሆን የማይችል ነው።

አሲድን ለመረዳት ዓይን የሚጣለው ከሃይድሮጅኑ ይልቅ በቀሪው ላይ ነው፤ ፕሮቶን ከሄደ በኋላ የቀረው ሞለኪውል ከተመቸው አሲዱ ብርቱ፣ ካልተመቸው ደካማ ይሆናል። ጠላ ሲቆይ የሚኮመጥጥበትም ምክንያት ይኸው ነው። አየር ሲያገኙ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የአልኮሉን ሁለት ሃይድሮጅን አንስተው አንድ ኦክስጅን ይተኩበታል፤ በዚያች ለውጥ ብቻ አልኮል የነበረው አሲድ ሆኖ ያርፋል።

አንድ ካርቦን ርቃ ብትቀመጥ

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ከላክቲክ አሲድ ጎን ፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚባል ዘመዱን እናስቀምጥ። ሁለቱም ሦስት ካርቦን አላቸው፤ ሁለቱም አሲድ የሚያደርጋቸው፣ እንደ አቸቶው ሁለት ኦክስጅን ያለው፣ ካርቦክሲል የሚባል ጫፍ አላቸው። ላክቲክ አሲድ ከጫፉ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ አንዲት ተጨማሪ ኦክስጅን ከነሃይድሮጅኗ መያዙ ብቻ ይለያቸዋል። የፕሮፒዮኒክ ፒኬኤ 4.87 ነው፤ የላክቲክ 3.86። በአንዲት ኦክስጅን የተነሳ አሲዱ አሥር እጥፍ በረታ።

ኦክስጅን ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሏ ከካርቦን ይበልጣል። በጎረቤት ካርቦን ላይ ስትቀመጥ በትስስሮቹ በኩል ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ካርቦክሲሉ ላይ የቀረው ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሳሳል፤ የሳሳ ቻርጅ ደግሞ ለመሸከም ይቀላል። ከሁሉ የሚገርመው የቦታው ነገር ነው። ያችኑ ኦክስጅን አንድ ካርቦን አርቀን፣ ማለትም በሦስተኛው ካርቦን ላይ ብናስቀምጣት ፒኬኤው 4.51 ይሆናል። የአተሞቹ ብዛት ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው፤ ቦታዋ ብቻ ተቀየረና የአሲዱ ብርታት ከአራት እጥፍ በላይ ወደቀ።

ይህ በላክቲክ አሲድ ብቻ የታየ አጋጣሚ እንዳይመስል፣ አራት ካርቦን ያለውን ቡትሪክ አሲድ እንይ። ፒኬኤው 4.82 ነው። አንድ ክሎሪን ከካርቦክሲሉ ቀጥሎ ስናደርግበት ወደ 2.86 ይወርዳል። ክሎሪኑን አንድ ካርቦን ስናርቀው 4.05፣ ሁለት ስናርቀው 4.52። ሦስተኛው ቦታ ላይ የክሎሪኑ ጉልበት በጣም ይደክማል። ክሎሪኑን ስናበዛውስ? አሴቲክ አሲድ ከነበረበት 4.76 ተነስቶ በአንድ ክሎሪን 2.86፣ በሦስት ክሎሪን 0.66 ገደማ ይደርሳል። ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ሐኪሞች ኪንታሮት የሚያቃጥሉበት ነው፤ ሰላጣ ላይ ከሚጨመረው አቸቶ የሚለየው በሦስት አተሞች ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች መሰብሰብ የጀመረው ኬሚስቱ ዊልሄልም ኦስትዋልድ ነበር። በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1889 (እ.ኤ.አ.) ከ200 በላይ የኦርጋኒክ አሲዶችን በውኃ እያሟሟ፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸውን እየለካ የእያንዳንዱን ብርታት አወጣ። ኤሌክትሮን ገና አልተገኘም ነበር፤ የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1897 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ኦስትዋልድ ቅርጽ ብርታትን እንደሚወስን በቁጥር እያየ፣ ለምን እንደሚወስን የሚናገርበት ቋንቋ አልነበረውም። ይህን ሳስብ የዶርዜ እናቶች ትዝ ይሉኛል። እነሱም ስም ያላወጡለትን ነገር ለትውልድ በትክክል ሲቆጣጠሩት ኖረዋል፤ ለሙያቸው የሚገባውን ክብር ሳይንሳችን ገና አልከፈላቸውም ብዬ አምናለሁ።

ደካማው የሚበረታበት ቦታ

ብርቱ አሲድ ምግብን የበለጠ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ይቀላል። እውነቱ ግን ወዲህ ነው። የባክቴሪያ ሴል ሽፋን ቅባታማ ነው፤ ቻርጅ የተሸከመ አዮን በቀላሉ አያሳልፍም። ፕሮቶኑን ያልለቀቀ፣ ቻርጅ የሌለው አሲድ ግን ሰርጎ ይገባል። ከገባ በኋላ የሴሉ ውስጥ ፒኤች ወደ 7 የቀረበ ስለሆነ ፕሮቶኑን እዚያ ይለቃል። ሴሉ ውስጡ እየኮመጠጠበት፣ ፕሮቶኑን ወደ ውጭ ለማውጣት ያለውን ጉልበት ይጨርሳል።

ስለዚህ ጥያቄው በቆጮው ፒኤች ላይ ከእያንዳንዱ አሲድ ስንቱ ፕሮቶኑን ይዞ ይቆያል የሚል ነው። ስሌቱ በ12ኛ ክፍል ይሠራል። በፒኤች 4.2 ላይ ከላክቲክ አሲድ ፕሮቶኑን ይዞ የሚቀረው 31 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአሴቲክ አሲድ ግን 78 በመቶ ገደማ። የሥራ ክፍፍሉ ይህን ይመስላል፦ ብርቱው ላክቲክ አሲድ ፒኤቹን ወደ ታች ያወርዳል፤ በወረደው ፒኤች ላይ ደካማው አሴቲክ አሲድ ሳይበታተን ስለሚቀር ወደ ሴሎቹ ይገባል። ሁለቱም በአንድ ሊጥ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ሶዲየም ቤንዞዌት የሚጨምሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ የቤንዞይክ አሲድ ፒኬኤ 4.20 ስለሆነ መጠጡ ካልኮመጠጠ ሥራውን አይሠራም።

ሽታውም ከዚህ ይመጣል። ቆጮን ለማያውቅ እንግዳ መጀመሪያ የሚደርሰው ሽታው ነው፤ ለዚህ ሽታ ከሚጠቀሱት አንዱ ከላይ ያየነው ቡትሪክ አሲድ ነው፤ የቆየ ቅቤም የሚሸተው በሱ ነው። በፒኤች 4.2 ላይ 81 በመቶ ገደማው ፕሮቶኑን እንደያዘ ነው። ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ይተናል፤ የተነነው አፍንጫ ይደርሳል። ቡትሪክ አሲድ በፒኤች 6.5 ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊተን የሚችለው 2 በመቶው ብቻ ነበር። ላክቲክ አሲድ በብዛት ቢበልጥም አይሸትም፤ ያች ተጨማሪ ኦክስጅኗ ከውኃና ከጎረቤቶቿ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ስለምታያይዛት ለመትነን አትነሳም። አንዲቱ ኦክስጅን አሲዱን አበረታችው፣ ሽታውንም አጠፋችው።

ወደ ቆላው ወርደን ጫሞ ሐይቅ ዳር ብንቀመጥ ነገሩ ተገላብጦ እናገኘዋለን። በአርባ ምንጭ የአሳ ጥብስ ያለ ሎሚ አይቀርብም። የአሳ ሽታ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ትራይሜታይልአሚን ነው፤ ናይትሮጅን ያለው፣ ፕሮቶን የሚቀበል ቤዝ። የዚህ ሽታ ምንጭ በባሕር አሳ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ውህድ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ ከጨው አልባ ውኃ አሳዎች መካከል ናይል ፐርችና ቆሮሶም እንደሚይዙት ታውቋል፤ ሁለቱም የጫሞ አሳዎች ናቸው። ሎሚ ሲጨመቅበት የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ለአሚኑ ፕሮቶን ይሰጠዋል። ፕሮቶን የተቀበለ አሚን ቻርጅ አለው፤ ቻርጅ ያለው ደግሞ አይተንም። ፒኤቹ ከ7 ወደ 3 ሲወርድ ሊሸት የሚችለው አሚን ወደ 10 ሺህ ጊዜ ይቀንሳል። ቡትሪክ አሲድ ፕሮቶኑን ሲይዝ ይሸታል፤ አሚን ፕሮቶን ሲይዝ ሽታው ይጠፋል። ደጋውም ቆላውም አንድ ሕግ ነው የሚገዛቸው፤ ቻርጅ ያለው ይቀራል፣ የሌለው ሊተን ይችላል።

ከአፕሉ እስከ አፈሩ

የጨንቻ አፕል ዛሬ በመላ አገሪቱ ይታወቃል፤ ችግኙን ወደ አካባቢው ያመጡት ሚስዮናውያን ነበሩ። የአፕል ኮምጣጣነት ከማሊክ አሲድ ነው፤ ይህንንም ሼለ በ1785 (እ.ኤ.አ.) ከአፕል ጭማቂ ለይቶታል። ማሊክ አሲድ አራት ካርቦን፣ በሁለቱም ጫፍ ካርቦክሲል፣ በመካከሉ ደግሞ እንደ ላክቲክ አሲድ አንዲት ኦክስጅን አለው። ያችን ኦክስጅን ብናነሳት ሰክሲኒክ አሲድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፒኬኤ 4.21። ከነኦክስጅኗ 3.40። የጉድጓዱ ሕግ በዛፉም ላይ ሠራ። ሁለተኛውን ፕሮቶን ማስለቀቅ ግን ከበድ ይላል፤ ፒኬኤው 5 ገደማ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ኔጌቲቭ የሆነ ሞለኪውል ሁለተኛ ቻርጅ ለመሸከም ይቸገራል።

ከዛፉ ሥር ያለው ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው። የጨንቻ አካባቢ ደጋ አፈር አሲዳማ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟል፤ የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ሥሩ አጥሮ ይቀራል፤ ገብሱ ፎስፈረስም ውኃም ያጣል። ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው።

ሰብሉም ዝም ብሎ አይሞትም። አሲዳማነትን የሚችሉ የገብስ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ ሲትሬት ይለቃሉ፤ የስንዴ ዝርያዎች ማሌት፤ ፕሮቶናቸውን የለቀቁ የሎሚና የአፕል አሲዶች ማለት ነው። እነዚህ አሉሚኒየሙን ጠምደው ያለ ጉዳት ያስቀሩታል። አሴቴት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ላክቴትም ደካማ ነው። ሲትሬት ሦስት ካርቦክሲል አለው፤ በመካከሉም ያች የምናውቃት ኦክስጅን አለች፤ አሉሚኒየሙን በአንድ ጊዜ ከብዙ በኩል ይይዘዋል። እዚህም ወሳኙ የካርቦክሲሉና የኦክስጅኗ ጉርብትና ነው፤ ተራርቀው ቢሆን ኖሮ አሉሚኒየሙን በመካከላቸው አድርገው ቀለበት ሊሠሩ ባልቻሉ ነበር። ምግብን ሳይበላሽ ለወራት የሚያቆየው ቅርጽ በማሳው ውስጥ ሥርን ከመርዝ ያድናል። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በአንድ የጋሞ ገበሬ ግቢ ውስጥ ጉድጓዱም፣ ዛፉም፣ ማሳውም አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከቅጥር ግቢው ሆኖ ቀና ያለ የጋሞን ተራሮች ያያል። የአሲድና የቤዝ ምዕራፍ በአገራችን በ12ኛ ክፍል ይሰጣል፤ ተማሪው የፒኬኤ ሰንጠረዥ ይሸመድዳል፤ አሴቲክ አሲድ 4.76 መሆኑን ይጽፋል፤ ቤት ሲገባ እናቱ ከጉድጓድ ያወጣችውን ቆጮ ይበላል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

በጋሞ ዞንና እንሰት በሚበላባቸው አካባቢዎች ሁሉ ላላችሁ የኬሚስትሪ መምህራን ይህን እላለሁ። ምዕራፉን ስትጀምሩ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የተፋቀ እንሰትና የደረሰ ቆጮ፣ ሎሚ፣ የጨንቻ አፕል፣ አቸቶና አረቄ አስቀምጡ። ተማሪዎቹ በፒኤች ወረቀት እያንዳንዱን ይለኩ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ሰሌዳው ላይ ሥላችሁ የሚለቀቀው ሃይድሮጅን የትኛው እንደሆነ፣ ለምንም እሱ እንደሆነ ጠይቋቸው። መልሱን ሰንጠረዡን ከማየታቸው በፊት ይሞክሩት።